ሚሚ የተባለው አውራ ዶሮ

ሚሚ ወንድ መሆኑን ያወቅነው አንድ ቀን ጠዋት አጥሩ ላይ ወጥቶ ሲጮህ ነው። ያን ጊዜ ስሙን ለመቀየር በጣም ረፍዶ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ሚሚ ሲለው ከርሟል፤ እሱም ሚሚ ሲባል ዞር ብሎ ያያል።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ወር አሰላ ሄጄ፣ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጋሪ ለማሳለፍ አንድ ግቢ በር ላይ ቆም ሲል የራሰ ፉርሽካና የዶሮ ኩስ ሽታ ተቀላቅሎ መጣ። ለሌላ ሰው አፍንጫ የሚያስይዝ ሽታ ነው። እኔ ግን ፈገግ አልኩና፣ ሳላስበው ሁለቱንም እግሮቼን ከወለሉ ላይ አንስቼ ወንበሩ ላይ ሰበሰብኩ። ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ለወራት እግሬን ከአንድ ዶሮ ሳሸሽ ነው የኖርኩት።

ያኔ አሰላ ውስጥ አንዲት ጠባብ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። አባዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ስለነበረ ሳምንቱን ሲሬና ዲክሲስ ሲል ይከርምና፣ ቅዳሜ ማታ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ ይመጣል። ዶሮዎቹ የእማዬ ነበሩ፤ ሥራቸው ግን የኔ። ከትምህርት ቤት በፊት በራቸውን እከፍታለሁ፣ ኩሱን እጠርጋለሁ፣ ፉርሽካውን በውሃ አርሼ አቀርባለሁ። የአሰላን ጠዋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፉርሽካውን ሳሽ ጣቶቼ የሌላ ሰው እስኪመስሉኝ ይደነዝዛሉ። ታዲያ ገና የተጣለ ትኩስ እንቁላል ካገኘሁ መጀመሪያ ጉንጬ ላይ አስጠግቼ እሞቀዋለሁ፤ ከዚያ ነው ለእማዬ የምሰጠው።

ነገሩ የተጀመረው ነሐሴ ላይ ነው። ወሰራዋ ዶሯችን ማቀፍ አማራት። ላባዋን ነፍታ ከጎጆዋ አልነሳም አለች። ከጀርባችን የሚኖሩት ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ በአጥሩ ቀዳዳ አይተው፣ በክረምት ማስታቀፍ ደግ እንዳልሆነና ነጎድጓድ እንቁላል እንደሚያበላሽ ለእማዬ ነገሯት። አዴ ፋጡማ ቅቤና አይብ ነጋዴ ናቸው፤ አዴ የምንላቸው ለእናት በሚሰጠው ክብር ነው። ዶሮ ላይ እሳቸው ያሉትን የሚሽር ሰው በሰፈሩ አልነበረም። እማዬ ግን ያን ቀን ሻረች። ከእንቁላሎቹ መሃል ከሰልና ብረት ከተደረገ ነጎድጓዱ አይነካቸውም አለችና፣ ከሰልና ሚስማር ፈልጌ እንድከት እኔን አዘዘችኝ።

ከሰሉን ከተትኩ። ሚስማር ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ስለዚህ ከራሴ ላይ የፀጉር ማስያዣዬን ነቅዬ ጭዱ ውስጥ ሸጎጥኩ። ብረት ነው አይደል? ብረት ብረት ነው ብዬ ተጽናናሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰማዩ ቆርቆሯችን ላይ የተናደ እስኪመስል ነጎደ። ከዐሥራ ሦስት እንቁላል አንድ ጫጩት ብቻ ወጣ። እማዬ የቀሩትን አንድ በአንድ እያወዛወዘች ስትጥል እኔ በሩ ሥር ቆሜ ፀጉሬን በእጄ ይዤ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ዐሥራ ሁለት ነፍስ በአንዲት የፀጉር ማስያዣ እንዳጠፋሁ ግን ቁርጥ አድርጌ አምኜ ነበር።

ወሰራዋም አንዷን ጫጩት ከቁም ነገር ሳትቆጥር ጥላት ወጣች። እኔ ወሰድኳት። ካርቶን ውስጥ የድሮ ሹራቤን አነጠፍኩ፤ ጠዋትና ማታ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ እየሞላሁ ከጎኗ አደርግላት ነበር። ከመዳፌ ትበላለች። የቤት ሥራዬን ስሠራ ጭኔ ላይ ትተኛለች፤ ከተነሳሁ ሲጥ ሲጥ እያለች ከኋላዬ ትሮጣለች። ሚሚ አልኳት። አባዬ አንድ ቅዳሜ አያትና፣ ይቺ ልጅ የጫጩት እናት ሆናለች ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ዕዳዬን በአንዷ እየከፈልኩ ነበር።

ጥር ላይ ሚሚ አጥር ላይ ወጥቶ ጮኸ። በሳምንቱ የፉርሽካውን ሳህን ይዤ ስወጣ ከኋላዬ ዘሎ ባቴን ወጋኝ።

መጀመሪያ ስህተት መሰለኝ። በማግስቱም ደገመው። ከዚያ በኋላ ገና በሩን ስከፍት አንገቱን ዘርግቶ፣ አንድ ክንፉን መሬት ላይ እየጎተተ፣ ወደ ጎን እየተራመደ ይመጣል። ሲዘል እግሩ ላይ ያለችው እሾህ የመሰለች ጥፍር ካልሲ ትበሳለች። ለምን እኔን? ብዙ አሰብኩና ደረስኩበት። አድጎ ነገር ገብቶታል፤ ወንድምና እህቶቹን ማን እንደፈጃቸው ዐውቋል። ይህ ሲገባኝ እሱን መጥላት እንኳን አልቻልኩም።

ቀስ በቀስ ከኔ አልፎ ለሁሉም ተረፈ። እማዬ ያለ መጥረጊያ ከቤት አትወጣም። እኔ ሽንት ቤት የምሄደው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በፊቴ ይዤ ነው፤ እሱ ሳፋውን ሲጠልዘው ድምፁ እስከ መንገድ ይሰማል። እንግዳ በራችንን ከማንኳኳቱ በፊት ከውጭ ሆኖ፣ ሚሚ ታስሯል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አዲስ ሰው ሲሰማው ልጅ የምናስር ክፉ ቤተሰብ እንመስለዋለን። ሚሚ ሲታሰር ደግሞ ገመዱን ዙሪያውን እየጠመጠመ ራሱን ያንቅና፣ ሲያዩት ያሳዝናል፤ ሄጄ እፈታዋለሁ፤ እንደፈታሁት ይወጋኛል። ወሩ በሙሉ እንዲህ ነበር።

ሚሚ የተፈረደበት የንስሐ አባታችን በመጡ ቀን ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ አባ ቤቱን ጠበል ሊረጩልን መጡ። እማዬ ሳሎኑን ስታዘጋጅ ገመዱን ማየት ረሳች፤ እኔም ጠዋት እንደፈታሁት አልነገርኳትም። አባ የጠበሉን ዕቃ ይዘው በሩን አልፈው ሦስት እርምጃ እንኳን አልሄዱም። ሚሚ ከጎን መጥቶ ደረታቸው ላይ ወጣ። ጠበሉ እሱ ላይ ተደፋ። አባ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጥምጥማቸው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ፣ የራሰውን ዶሮ ቁልቁል አዩት።

«እኔ እኮ ገና እየጾምኩ ነው፤ ምን አስቸኮለህ?» አሉት።

እሳቸው ሳቁ፤ እኔም ልስቅ ነበር። እማዬ ግን ፊቷ በርበሬ መሰለ። እግራቸው ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች። አባ ከወጡ በኋላ ወደ ሚሚ እንኳን ሳታይ ለፋሲካ ታራጁ ተገኝቷል አለች። ቅዳሜ አባዬ ሲሰማ ተስማማ፤ ከገበያ ለመግዛት መሰለፍ ቀረልን አለ። ፋሲካ አራት ሳምንት ቀርቶታል።

እንግዲህ አስቡት፤ ከዐሥራ ሦስቱ የተረፈው አንድ ነው፤ እሱም ሊታረድ ነው።

መላው የመጣልኝ ከወሰራዋ ነው። በዚያው ሰሞን እንደገና ማቀፍ አማራት። እማዬ የምትፈልገው እንቁላል እንጂ ጫጩት ስላልነበረ፣ በሻሽ ዓይኗን ሸፈነችና ለአዴ ፋጡማ እንዳደርሳት ሰጠችኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ዶሮ ማቀፍ ሲይዛት ጎረቤት ትላካለች። ጎጆዋን ሳታይ ሦስት አራት ቀን ከቆየች ዐመሏ ይለቃታል፤ ተመልሳ መጣል ትጀምራለች። አዴ ፋጡማ በጾም ቅቤ የሚገዛቸው ስለሚያንስ ቤት ይውሉ ነበር። ወሰራዋን ተቀብለው የዶሮ ቤታቸው ውስጥ ከተቷት። ቤት ሲቀየርባት ትረሳለች አሉኝ። በአራተኛው ቀን መለስኳት፤ በሳምንቱ እንቁላል ጣለች። እውነትም ረስታለች።

እኔ ዝም ብዬ አልቆምኩም። ወሰራዋ ማቀፍ ከረሳች ሚሚም መማታት ይረሳል። ደግሞ በሆዴ ሌላም ነገር ነበር፤ አዴ ፋጡማ ሙስሊም ስለሆኑ እሳቸው ግቢ ፋሲካ አይገባም። ብቻ አንድ ነገር አስጨንቆኝ ነበርና ለኢድ ዶሮ ያርዱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በግ እያለ ምን በወጣኝ አሉና፣ ምን እንዳሰብኩ ገብቷቸው ትክ ብለው አዩኝ። ሚሚን አምጪው አሉኝ።

እማዬን ለማሳመን ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ወገቧን ይዛ ቆመችና ፍርዱን ሰጠች።

«ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ታመጪዋለሽ። ያለ መጥረጊያ ሽንት ቤት ደርሼ ከተመለስኩ ይኖራል። ካልሆነ ድስት ይገባል።»

በጆንያ ይዤ ወሰድኩት። አዴ ፋጡማ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፤ እሱ እዚያ እስካለ ድረስ ግቢያቸው ድርሽ እንዳልል። የለመደውን ካየ አይረሳም አሉ። እኔም አልገባሁም። በአጥሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ ግን አይ ነበር፤ እሱን እንኳን ማንም አይከለክለኝም።

ያየሁት አንጀቴን በላው። አዴ ፋጡማ አንድ ሽማግሌ ገብስማ አውራና ዘጠኝ ሴቶች ነበሯቸው። ሚሚ፣ ቄሱን የደፈረው ሚሚ፣ ከዶሮ ጋር እንዴት እንደሚኖር አያውቅም ነበር። እህል ሲበተን ከሁሉም ቀድሞ ገባ። አንዲት ጥቁር አሮጊት ዶሮ አንዴ ራሱ ላይ በመንቁሯ ወጋችው፤ ግራ ገብቶት ቆመ። ገብስማው መጣና እስከ አጥሩ አሳደደው። ቀኑን ሙሉ እኔ በማይበት ቀዳዳ ፊት ለፊት ብቻውን ቆሞ ዋለ። ቀዳዳውን በእጄ ደፈንኩት፤ እንዳያየኝ። በሳምንቱ ማለቂያ ግን ወደ መሃላቸው መጠጋት ጀመረ። አሮጊቷ ስትመጣ ይለቃል፣ ስትሄድ ይበላል። አዴ ፋጡማ አጠገቡ ሲያልፉ ዘወር ይልላቸዋል። ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ላመጣው ስሄድ መንገዱን ዘልዬ ነው የጨረስኩት።

ግቢያችን ውስጥ ከጆንያው አወጣሁት። ራሱን አራገፈ። ዙሪያውን አየ። እማዬ ቃሏን አክብራ ባዶ እጇን ከደጃፉ ወርዳ መራመድ ጀመረች። ሽንት ቤቱ ጋ ደረሰች። ሚሚ መሬት ጫር ጫር ያደርጋል። ስትመለስ ግማሽ መንገድ ላይ አንገቱን ዘረጋ፤ ክንፉን መሬት ላይ ጎተተ፤ ከዚያ ቀሚሷን ይዞ ተንጠለጠለ።

እማዬ አልተቆጣችም። እሱን ከቀሚሷ አላቃ፣ ገመዱን አስራ፣ ወደ ቤት ስትገባ ራሴን ዳሰሰችኝ። ይሄ ከቁጣ ባሰብኝ።

አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አዴ ፋጡማ ሰሙና በኋላ በር መጡ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ነጎድጓዱን፣ ሚስማሩን፣ የፀጉር ማስያዣውን፣ ሚሚ ለወንድምና እህቶቹ ደም እየተበቀለኝ መሆኑን። አዴ ፋጡማ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉና አጠገቤ ተቀመጡ። እንቁላሎቹን ያበላሸው ብርዱ ነው አሉኝ፤ ነሐሴ ላይ ዶሮዋ ልትበላ በወጣች ቁጥር ይቀዘቅዛሉ፤ ሚስማርም ቢኖር ያው ነበር።

«ላሊ፣ ኢንተለኮ» አሉ፤ እዪ ልጄ ማለታቸው ነው። «አይጠላሽም። ከእንቁላል ወጥቶ ያየው አንቺን ነው፤ ዶሮ ትመስይዋለሽ። አውራ ሲሆን እንደ ዶሮ ሊገዛሽ ፈለገ። ከኔ ዶሮዎች ጋር ዶሮ ነው። አንቺ ባለሽበት ግን መቼም አያርፍም።»

ስለዚህ ምን ይደረግ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ገብቶኝ ነበር መሰለኝ። እሳቸው ግን ጠየቁኝ። እንዲኖር ትፈልጊያለሽ ወይስ ያንቺ እንዲሆን? እስክጠራሽ ድረስ ግቢዬ አትመጪም፣ በቀዳዳም አታዪም አሉ። ለካ ቀዳዳውን ያውቁታል።

እንዲኖር አልኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ለበዓሉ ቀድሞ የመጣው አባዬ ቢላዋ እየሳለ ሳለ አዴ ፋጡማ ሽማግሌውን ገብስማ ብብታቸው ሥር ይዘው ገቡ። እማዬ ነገሩ ሲገባት እጇን አወዛወዘች።

«እንዴት ተደርጎ! ደህና ዶሮዎትን ሰጥተው ይሄን ሰይጣን ሊወስዱ?»

«ሰይጣን አይደለም፤ ያልተቀጣ ልጅ ነው። የኔዎቹ ይቀጡታል። ይሄ ደግሞ አርጅቷል፤ ዘንድሮ አንድም እንቁላል አልተፈለፈለልኝም።»

ሲግደረደሩ ቆዩ። እንቢ፣ እሺ፣ አይሆንም፣ ወላሂ ካልወሰድሽ ሲባባሉ አባዬ ቢላዋውን እንደያዘ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ያያል። በመጨረሻ እማዬ ተቀበለች። ሚሚን ከገመዱ ፈትቼ ለአዴ ፋጡማ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ሳስረክበው አውራ ጣቴን ወጋኝ። ደስ አለኝ።

ገብስማው የምር ሽማግሌ ነበር። እማዬ ከቀትር ጀምራ እስከ ምሽት ብትቀቅለው አልበስል አለ። እሑድ ሲቀርብ አባዬ ጉልበቱ ላይ ጨርቅ አንጥፎ በሁለት እጁ ታገለው። እኔ አልበላም ብዬ ዐስቤ ነበር። ሚሚን ዶሮ እንዲሆን ያስተማረው እሱ አይደል? ግን ምን ልበላችሁ፤ ሁለት ወር ጾመን ነበር፤ ወጡም ይሸታል። እያለቀስኩ በላሁ። እንቁላልም አስጨመርኩ።

ከዚያ ጥበቃው መጣ። ሚሚ በየጠዋቱ ከአጥሩ ወዲያ ሲጮህ እሰማዋለሁ፤ ድምፁን ከሰፈሩ አውራዎች ሁሉ እለየዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ይሰበራል። ፉርሽካውን ማሸቴን ግን አላቆምም። ቀዳዳዋን አባዬ በጭቃ እንዲደፍንልኝ ለመንኩት፤ ራሴን አላመንኩም። ሽንት ቤት ያለ ሳፋ መሄድ ለመድን። እንግዳ ሳይጠይቅ ገባ። ግቢው ጸጥ አለ፤ እማዬ እንኳን አንድ ቀን መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ ምን ልታደርግ እንደወጣች ጠፍቷት ተመለሰች።

ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ አዴ ፋጡማ ከአጥሩ በላይ ስሜን ጠሩ። እጄን እንኳን ሳልታጠብ ሮጥኩ።

ዝናብ ቆሞ መሬቱ ይተን ነበር። ሚሚ መሃል ላይ ነው። ደረቱ ሰፍቷል፤ ጅራቱ እንደ ጥቁር ሐር ያበራል። አንድ ትል አገኘና አልበላውም፤ ኩክ ኩክ ብሎ ሴቶቹን ጠራቸው። ያቺ ጥቁር አሮጊት መጥታ ከፊቱ አነሳችው፤ እሱ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆሞ አስበላት። አዴ ፋጡማ ተጠጊ አሉኝ። ተጠጋሁ። አንድ ክንድ ያህል ሲቀረኝ ቆምኩና ባዶ እግሬን ወደ ፊት ዘረጋሁለት። እንዲወጋኝ ፈለግኩ፤ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ።

በአንድ ዓይኑ አየኝ። ከዚያ ሴቶቹን አስከትሎ በእግሬ አጠገብ አለፈ፤ ላባው ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ።

በዚያው ቅጽበት ቅቤ የምትገዛ አንዲት ሴት የግቢውን በር ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች። ሚሚን አየችና ጃንጥላዋን ወደ ፊት ቀሰረች። አዴ ፋጡማ ቅቤውን ሊያመጡ ጓዳ ገብተው ስለነበር የጠየቀችው እኔን ነው፤ ይሄ አውራ ይማታል እንዴ አለችኝ።

«አይማታም፤ ይግቡ» አልኳት።

ገባች፤ በአጠገቡ አለፈች፤ ምንም አላላትም። ቆም ብላ ከላይ እስከ ታች አየችውና እንዲህ ያማረ ዶሮ አይቼ አላውቅም፣ የማን ነው አለች።

«የአዴ ፋጡማ ነው» አልኩ።